አቤኬ የምታርፍበት ቀን

ዘመኑ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1996፣ ወሩ ነሐሴ ነበር። ዝናቡ ለአንድ ሳምንት ጋብ ብሎ ሰማዩ ደመና እንዳዘለ ቀርቷል።

ባባ ሶዮምቦ ናይጄሪያ ውስጥ ከአቤኦኩታ ከተማ ወጣ ብላ ባለች መንደር ኮኮዋና ዘንባባ የሚያለማ ገበሬ ነው። ወሬ አይወድም፤ ቃል ከአፉ በግድ ነው የሚወጣው። አንድ ቀን ጠዋት ግን ከጎረቤቱ ከባባ ፋዳይሮ ጋር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያለ ወትሮው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያወራ ነበር። ከጀርባው፣ መስኮቱ ወደ በረንዳው በተከፈተ ማድቤት ውስጥ፣ ሌጎስ የሚሠራው ልጁ ኦላይታን ድስት ጥዷል። ቀትር ላይ የእጮኛው ወላጆች ቤተሰቡን ሊተዋወቁ ይመጣሉ። ልጁ በጠዋት ተነስቶ እናቱን አቤኬን «እማዬ፣ ዛሬ አንቺ ዕረፊ፤ ሰዎቹ ከተሜ ናቸው፣ የኢሩ ሽታ አይችሉም» ብሎ ከምድጃው አስነሥቷታል። ኢሩ ተቀቅሎና ታፍኖ ሰንብቶ ለወጥ ማጣፈጫ የሚሆን ፍሬ ነው፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። የአቤኬን ወጥ አገር ያወቀው በእሱ ነው።

አሁን አቤኬ ጓሮ በርጩማ ላይ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ ጥላ ተቀምጣለች። ባባ ሶዮምቦ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር እነዚያን እጆች ሥራ ፈትተው አይቷቸው አያውቅም። ማየቱ አንገበገበው።

«ጉልበትህ እንዴት አደረ ወዳጄ?» አለው ባባ ፋዳይሮን። «በቆሎህን ሰበሰብክ? ... ደግ አደረግህ። እኔ ዛሬ እርሻ አልወረድኩም። እንዲህ ያለ ሙያ በቤቴ እየታየ እንዴት ብዬ ልሂድ?

«ምን ያስልሃል? ተቀመጥ፣ ቤቱ አልተቃጠለም። የዘንባባ ዘይት እየነጣ ነው። እኛ ድሮ ዘይቱን ከድነን፣ ቅላቱ እስኪለቅ ጠብቀን፣ ከእሳት አውርደን፣ እስኪበርድ ክዳኑን አንነካም ነበር። አላዋቂነት! የተማረ ሰው አምስት ጊዜ ከፍቶ ይጠይቀዋል። ዘይቱ ብቻውን ጨለማ ውስጥ ተዘግቶበት እንዳይከፋው ነዋ! አንዳንድ ሰው አንጀቱ አይችልም፤ ዘይት ሲከፋው ማየት አይወድም። ሌላ ሰው ሲከፋው ግን ... ተወው። ስለ በቆሎ ነበር የምናወራው።

«ዶሮዎቼ ጭሱን ሸሽተው ወደ አንተ ግቢ ተሰድደዋል። እንግዳ ናቸውና ተቀበላቸው።

«ንጽሕናውንስ አየህ? የላስቲክ ጓንት አጥልቋል፣ እንደ ሐኪም። በሽተኛው ድስቱ ውስጥ ተኝቷል፤ ይዳን አይዳን ገና አልታወቀም። ወረቀትም አለው። ወረቀቱን ያነባል፣ ድስቱን ያያል፣ ደግሞ ያነባል። ጥፋቱ የድስቱ ነው፤ ፊደል አልቆጠረም። እኔም ሦስተኛ ክፍል ላይ የቀረሁ ነኝ፤ ለድስቱ አዝንለታለሁ።»

ይህን ሲል ከማድቤቱ ኃይለኛ የመንጣጣት ድምፅ ተሰማ። ውሃው ያልመጠጠ አረንጓዴ ቃሪያ የጋለ ዘይት ውስጥ ተገልብጦ ነበር። ክዳን ወደቀ፤ ሳል ተከተለ።

«ጎሽ! ቃሪያን ውሃው እስኪመጥ አስቀድሞ ማብሰል የገበሬ ሚስት ልማድ ነው። ውሃውና ዘይቱም ይተዋወቁ እንጂ፤ ዛሬ የትውውቅ ቀን አይደለም እንዴ?

«እኔን የሚደንቀኝ ትዕግሥት ነው ወዳጄ። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ሙሉ የአቤኬን ወጥ በላ እንበል። ሳህኑን በጣቱ ጠረገ። ጨጓራውን ከእኔ ሳህን ሰርቆ በላ። ከተማ ከገባም በኋላ እየመጣ በጣሳ አስሞልቶ ሄደ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሽታውን እየቻለ ኖሯል! አንድ ቀን አፍንጫውን አልያዘም። እኛ እንዳይከፋን ብሎ እኮ ነው። እንዲህ ያለ ቻይ ሰው አሁን የት ይገኛል?

«እንግዶቹማ ... አዎ፣ ከተሜ ናቸው። የልጅቷ እናት ባለፈው ወር ሰው ልካብኝ ነበር። ምን ብትል ጥሩ ነው? ‹የእናንተ አገር ኢሩ ሌጎስ ውስጥ የለም፤ ስመጣ የአቤኬን ወጥ ካልበላሁ አልመለስም።› ምስኪን! እንደማትችለው የነገራት የለም። ለአንድ ሰው ላወራው አስቤ ነበር፤ ግን ሳይጠይቁኝ የማልናገር ሰው ነኝ። እሱ ደግሞ ሁሉን ያውቃል፤ ምን ብሎ ይጠይቀኛል?»

ማድቤቱ ውስጥ የማማሰያው ድምፅ ቆመ። ጓንት ሲወልቅ ተሰማ።

ባባ ሶዮምቦ ወደ ጓሮ አየ። የአቤኬ እጆች አሁንም ጭኗ ላይ እንዳረፉ ናቸው። ያን ጊዜ ወሰነ፤ እንግዶቹ በዚህ ቤት የሚበሉት ሚስቱ የሠራችውን ብቻ ነው። ተነሣ። ባባ ፋዳይሮ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ይህ ሰው ማድቤት ሲገባ አይቶት አያውቅም። ገባና ጭስ ጭስ የሚለውን ድስት በጓሮ በር አውጥቶ መሬት ላይ አስቀመጠው። ሌላ ንጹሕ ድስት ጣደ፤ የዘንድሮውን ዘይት ቀዳበትና ከደነው። ቀጥሎ አቤኬን ክንዷን ይዞ ምድጃው ጋ አቆማት። ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ሳይታወቅ፣ ግድግዳ ተደግፎ ነበር። አባትየው አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ሽንኩርት አስታቀፈው። አቤኬ ሳቋ አመለጣት።

ባባ ሶዮምቦ ወደ በረንዳው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ባርኔጣውን አስተካክሎ ድምፁን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ወዳጄ፣ እንግዶች ሳይመጡ ያን የተባረከ ሰው እንመርቀው። ፈጣሪ ትዳሩን ያቃናለት። ሚስቱ ባለሙያ፣ ጓዳው ሙሉ ይሁን። ወንድ ልጅ ይስጠው፤ መልኩም ጠባዩም አንደበቱም ቁርጥ እሱን። ያ ልጅ ይደግለት፣ ይማርለት፣ ትልቅ ሰው ይሁንለት። እናቱንም ልክ እሱ እናቱን እንዳከበራት አድርጎ ያክብራት። ለእሱም ዕድሜ ይስጠውና ቁጭ ብሎ ይህን ሁሉ ይይ ... አሜን በል እንጂ!»