«ሙቀት ነው» የተባለው የዘነበች ራስ ምታት

በእኛ ጊዜ አሰብ ላይ ጥፋተኛ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱ ሁሉ የሙቀቱ ነበር። ሰው ቢጣላ ሙቀት ነው፣ ወጥ ቢበላሽ ሙቀት ነው፣ ዕቃ ቢጠፋ እንኳ ሙቀቱ ሰረቀው ልንል ምንም አልቀረን! አንቺ ሆድሽ ገፍቶ የተቀመጥሽው፣ አትሳቂ፤ ለአንቺ ነው የምናገረው።

ታዲያ ያኔ ወደቡን የዘጋብን ጦርነት ገና አልተነሳም፣ እኔ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ነኝ፣ እና ሚስቴ ዘነበች ስምንት ወሯን ይዛለች። ፊቷ አበጠ። እጇም አበጠ፣ እግሯማ የእኔ ሸበጥ፣ ያ ጀልባ የሚያህለው ሸበጤ፣ አልገባት አለ! ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እሰይ፣ አማረባት! ወንድ ነው!» ኧረ ምኑ ነው ያማረው? ታዲያ ራሷን ይፈልጣት ጀመር። «ሙቀት ነው፣ ጨው በሎሚ በጥብጠህ አጠጣት» አለችኝ እትዬ ብርቄ። እኛን ወዛደሮቹን ፀሐይ ሲጥለን አለቃችን ካቦው የሚያጠጣን እሱን ነው፤ እና እኔ ደንቆሮው፣ ነፍሰ ጡር ሴት እንደ ወዛደር ጨው አጠጣሁ! አንሶላ በውሃ ነክሬ አለበስኳት! ሦስት ቀን!

በአራተኛው ጠዋት «ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል» አለች። ካቦውን ፈቃድ ብጠይቀው «ለሙቀት ፈቃድ ከሰጠሁማ መርከቡን ማን ያራግፋል?» አይለኝም! ያን ቀይ ባሕር የሚያህል ሆዱን እያሻሸ! ይኼን ጊዜ ጭነት ተራ የሚጠብቅ አንድ የደሴ ሾፌር ሰማን።

«ወንድሜ፣ ፊቷ አብጧል?»

«አብጧል።»

«ራሷንስ ያማታል?»

«ሦስት ቀኗ።»

«ግባ ጋቢና! እኛ እህታችንን ‹ድካም ነው› እያልን ነው የቀበርናት።»

ታዲያ በዚያ ተራራ በሚያህል ተሳቢ ዘነበችን ከቤት አንስተን ሐኪም ቤት አደረስናት፤ የከተማው ፍየል ሁሉ መንገድ ለቀቀ። ነርሷ የዘነበችን ክንድ በግፊት መለኪያው ጠቅልላ ነፋች፣ ነፋች፣ እና የራሷ ፊት ተለወጠ።

«ደም ግፊቷ እስከዛሬ ስንቴ ተለካ?»

«አንዴም። ሙቀት ነው ብለን...»

«ሙቀት! ይኼ የእርግዝና ደም ግፊት ነው! ትንሽ ብትቆይ አንቀጥቅጦ ይጥላት ነበር!»

«ጨው በሎሚ ሰጥቻታለሁ እኮ፣ ሲስተር።»

«እሱ ሌላ ጉድ ነው! ሊገድላት የነበረው ግን ቤት ያስቀመጥካት ሦስት ቀን ነው፣ ገባህ?»

ገባኝ። እንኳን እኔ፣ ግድግዳውም ገባው።

አስተኟት፣ መድኃኒት ሰጧት፣ ጠዋት ይለካሉ፣ ማታ ይለካሉ፤ እና በሳምንቱ «ከዚህ በላይ መጠበቅ ለሁለቱም አደጋ ነው» ብለው አስወለዷት። ልጅቷ ጡጫዬን ብታህል ነው፣ ጩኸቷ ግን ከከተማው ወዲያ ራሔይታ ድረስ ይሰማል! ዘነበችም ተረፈች፣ ተመስገን። እትዬ ብርቄ ልትጠይቅ መጥታ «እኔማ ገና ሳያት ጠርጥሬ ነበር» አትለኝም? ጠርጥሬ ነበር! ከእሷ ይልቅ ግን እስከዛሬ የሚያናድደኝ እኔው ነኝ። ከመርከብ የወረደ ጆንያ ሁሉ ይመዘናል፣ አንድ ኪሎ ቢጎድል አገር ይረበሻል፤ የሚስቴን ግፊት ግን ስምንት ወር ሙሉ የለካ የለም!

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ከተለካሁ ሁለት ወር ሆኖኛል። ደህና ነኝ ብዬ...»

«ሁለት ወር! በይ ተነሺ፣ ነጠላሽን አንሺ! ጨዋታው አልቋል።»