ቁልቁል የሚያይ ዓይን

አዛውንቱ ካፒቴን ከዓይን ሐኪሙ ክፍል ሲወጡ፣ ሲሸሿት የከረሙትን መሐንዲሷን የእህታቸውን ልጅ መነጽሯን ልታስጠግን ተራ ይዛ አገኟት። መሐንዲሷ ብድግ ብላ እጅ ነሳቻቸው። ሕመምተኛ በምታመላልሰው አውሮፕላናቸው ሆድ ላይ ካሜራ ይገጠም ብላ ሦስት ጊዜ ጽፋላቸው፣ እሳቸው ሦስቱንም ወረቀት መሳቢያ ውስጥ አስተኝተውታል። ሐኪሙ ደግሞ አሁን «ከእንግዲህ መብረር ይብቃዎት» ብሏቸዋል። ያን ሁሉ በሽተኛ ማን ያደርስልኛል እያሉ ነው የወጡት።

«ጋሼ፣ ለጻፍኩልዎ ምነው መልስ ነሱኝ?»

«ደህናውን አውሮፕላን ልትበሺው ነዋ! አቅጣጫ መሪው መሣሪያ ሃያ ዓመት አገልግሎኛል። በአዲስ ነገር ደግሞ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፣ ልጄ።»

«አሮጌውንም ይጠርጥሩታ! እሱ እኮ ውጭውን አያይም። ዓይኑን ጨፍኖ እርምጃውን እየቆጠረ እንደሚሄድ ሰው፣ ከተነሳበት ጀምሮ እንቅስቃሴውን እየደመረ 'እዚህ ነኝ' ይላል። ትንሿ ስህተት ስትጠራቀም ኪሎ ሜትር ትሆናለች።»

«ሳተላይት አለ አይደል?»

«ተራሮቹ መሐል ይጠፋል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያቺን ምጥ የያዛትን ሴት ያመጡ ዕለት፣ መሣሪያው ስምንት ኪሎ ሜትር ስቶ ሳለ ማረፊያውን እንዴት አገኙት?»

«የብረት ድልድዩንና የሲሚንቶ ፋብሪካውን ጭስ ማውጫ አይቼ ነዋ! ሁለቱን ካየሁ ያለሁበት አይጠፋኝም።»

«ካሜራውም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቦታው የታወቀ ነገር ሲያይ በየት በኩል እንደታየው ይለካና የመሣሪያውን ስህተት ያርማል። እንደ ራዳር ጨረር አይልክም፤ ማየት ብቻ ነው ሥራው። ደመና ሲሸፍነው፣ ደመናው እስኪገለጥ ድረስ መሣሪያው ከታረመበት ይቀጥላል። ጋሼ፣ እርስዎን ነው የቀዳሁት።»

ካፒቴኑ ያስተማሯቸውን ወጣት አብራሪዎች አሰቡ። ተማሪዎቻቸው ጎበዞች ናቸው፤ ያንን ድልድይ ግን እንደ እሳቸው አያውቁትም።

«ሐኪሙ መብረር አቁም ብሎኛል» አሉ ቀስ ብለው። «በይ ግጠሚው። ግን ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም ብላለች፤ አብሬ እሄዳለሁ።»

ወሩ ሳያልቅ ከተማሪያቸው ኋላ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጠው በረሩ። ተራራው ላይ ሳተላይቱ ጠፋ፤ መሣሪያውም ሁለት ኪሎ ሜትር ሳተ። ካሜራው ድልድዩን እንዳገኘ ግን ስህተቱ ታረመ፤ ማረፊያው ከፊታቸው ድቅን አለ። አዛውንቱ እንባቸውን አልደበቁም።

ከዚያ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ተቀምጠው የሚያውቁትን ድልድይ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የወንዝ መገናኛ ሁሉ አስመዘገቧት። ልበ ሙሉ ሰው የሠላሳ ዓመት ዕውቀቱን ይዞ ከመሞት ለመማር ቢሸነፍ ይሻለዋል፤ በሽተኛው በጊዜ ይደርሳል፣ ነዳጁ ይተርፋል፣ ጀማሪውም አብራሪ ቤቱ ይገባል።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» አሏት ሲጨርሱ። «እኔ ጡረታ ብወጣም ዓይኔን ሥራ ላይ አስቀረሽልኝ።»