«ሸምበቆ» ዛሬ አይሰማም

የተከበራችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ አንቺ ልጁ፤ በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ልል ነበር። ያድርገኝ።

እኔ የዚህ ሰውዬ ቼሎ ተጫዋች ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እሱ የጻፈውን ሙዚቃ ስጫወት ነው። አራታችን ተጫዋቾቹ በመካከላችን «ጆሮ» ነበር የምንለው። ስለ ዝናብ፣ ስለ እንቁራሪት፣ ስለ ረግረግ ይጽፍ ነበር። ጆሮ ነበረው። ማን ይክዳል?

እስቲ ወደ ልምምድ ክፍላችን እንግባ። ውጭ ይዘንባል፤ እሱ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። ከአሸንዳው የሚንጠባጠበውን እየተከተልን እንድንጫወት ነው። ቪዮላ የምትጫወተው ጓደኛችን ጣቶቿ ደንዝዘው አልታዘዝ አሏት። ዝናቡ ጊዜውን ጠብቋል፣ የዘገየሽው አንቺ ነሽ አላት። አለቀሰች። ዘንበል ብሎ ለቅሶዋን አዳመጠና ቅኝትሽ ወርዷል ብሎ አረማት። ሳቁ እንጂ፣ እኛም ያኔ ስቀናል። ጆሮ ነበረው።

ከዚያ «ሸምበቆ» መጣ። ያ በየሄድንበት ያስጨበጨበለት፣ ነፋስ በሸምበቆ መሃል ሲያልፍ ነው የተባለለት። መጀመሪያ ስንሞክረው አንደኛ ቫዮሊን ልጁ ነበረች። እናቷን ከቀበረች ገና ብዙም አልቆየችም። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ቁርጥ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ቁርጥ። ደጋኗን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«አባዬ፣ ይሄ ነፋስ አይደለም። የእማዬ ትንፋሽ ነው።»

ይክዳል ብለን ጠበቅን። ለወጉ እንኳ ቢዋሽ ምን ነበረበት? ሚስቱ አየር አጥሯት ስታጣጥር አልጋዋ አጠገብ ተቀምጦ ኖታ ይጽፍ ነበር። እጇን ዘርግታለት ነበር፤ ራሱ ነው የነገረን። እርሳስ ስለያዘ አልያዛትም።

«ከላይ ጀምሩ» አለ።

ጀመረች። አባቷ ነዋ።

እንግዲህ ይህንኑ «ሸምበቆ» መቃብሬ ላይ ተጫወቱልኝ ብሎ ተናዟል። ወንበሮቹ ይኸው ተደርድረዋል፤ እናንተም እሱን ነው የምትጠብቁት። ትናንት ልጁ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ እምቢ ብል ይታዘቡኛል?» አለችኝ። ቫዮሊንሽን እቤት ትተሽው ነይ አልኳት። አያችኋት፣ ባዶ እጇን ቆማለች። እኛም መሣሪያ አልያዝንም። ቅር ያለው ሰው መንገዱ ያው ክፍት ነው።

ጆሮ፣ ወዳጄ። አዎ ወዳጄ ነህ፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እንዳንተ የሚሰማ ሰው ከእንግዲህ አላገኝም። ሸምበቆህን ግን ዛሬ የሚነካልህ የለም። እርሳስህን እጅህ ላይ አድርገንልሃል። እጅህን የሚይዝልህ ሰው አልተገኘም። በል ደህና ሁን። መጀመሪያ አፈር የምታለብስህ ልጅህ ናት፤ ሳጥኑ ላይ ሲወርድ ስማውና ጻፈው።