የእነአስካለ ማደሪያ የተዘጋበት ምክንያት

*ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ወርካ አፋፍ ከተማ፤ የቀድሞዋ የማደሪያ ቤት ባለቤት ወይዘሮ ይመኙሻል፣ ጡረታ በወጣው የአውቶቡስ ሾፌር በአቶ ልሳነወርቅ ደጃፍ ዱላዋን ተደግፋ ቆማለች፤ «ግቢ» ቢላትም አልገባችም።*

ይመኙሻል፦ አልቀመጥም አልኩህ! አስተማሪዎቹ ለሚጽፉት የከተማው ታሪክ፣ «የእነአስካለ ማደሪያ የተዘጋው የጉድጓዱ ውሃ መንገደኛ ስላሳመመ ነው» ያልካቸው አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?

ልሳነወርቅ፦ ኧረ ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።

ይመኙሻል፦ ይስማ! ዛሬ እንዲሰማ ነው የመጣሁት።

ልሳነወርቅ፦ አስተማሪዎቹ ጠየቁኝ፣ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ያኔ ሾፌሩ ሁሉ የሚለው ነው።

ይመኙሻል፦ ሾፌሩ ሁሉ ከማን አፍ ሰማው? እናትህ ልሳነወርቅ ብላ ስም ስታወጣልህ ምላስህን አላየችውም!

ልሳነወርቅ፦ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ነገር እኮ ነው። ቤቱም የለ፣ ሣር በቅሎበታል። ለሣር ብለሽ ትጣይኛለሽ?

ይመኙሻል፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሣር ያልከው፣ አያቴ ለሲራራ ነጋዴው መደብ፣ ለበቅሎው ገለባ ያዘጋጀችበት ነው። እናቴ አስካለ የመጀመሪያዎቹ የጭነት መኪኖች ሲመጡ ቆርቆሮ ያለበሰችው ነው። አንተስ ስንት ዓመት አደርክበት? ጎማ ፈንድቶብህ ያን ሁሉ ጭቃ በእግርህ ስትመጣ፣ እግርህን ያጠበችህ ማን ናት?

ልሳነወርቅ፦ እናትሽ። ነፍሷን ይማር።

ይመኙሻል፦ አንተ ነፍስ ይማር አትበልላት!

ልሳነወርቅ፦ አንቺስ የሠራሽኝን ረሳሽው? አርባ ስምንት ሰው የጫነ አውቶቡስ ቁልፍ ነጥቀሽ ጡትሽ ሥር ሸጎጥሽ!

ይመኙሻል፦ ምጥ የያዛትን ሴት ጭነህ ቁልቁለቱን ልትወርድ ነበራ! «ሰዓት አለብኝ፣ ከፈለገች መንገድ ላይ ትውለድ» አላልክም?

ልሳነወርቅ፦ ሰዓት ነበረብኝ! እስከ ቀትር ገተርሽኝ፣ መሥሪያ ቤቴ ቀጣኝ። ቅጣቱስ ይሁን። ስሜን «አዋላጁ» አሉት እንጂ! አውቶቡስ ተራ በገባሁ ቁጥር «አዋላጁ መጣ፣ ውሃ አሙቁ!» በልጄ ሠርግ ላይ ሳይቀር።

ይመኙሻል፦ ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፣ መንገደኛው እልል አለ። አንተ ለአንድ ቅጽል ስም ብለህ የሦስት ትውልድ ቤት አፈረስክ!

ልሳነወርቅ፦ እንደዚያ ይሆናል ብዬ አይደለም። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣ እንደለመዱት ሲስቁብኝ፣ ደሜ ፈላና «የእነአስካለ ውሃ ተሳፋሪ አሳመመብኝ» አልኩ። አንድ ቀን ብቻ!

ይመኙሻል፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ! በሦስተኛው ሳምንት አንድም አውቶቡስ አልቆመም። ሁሉም እኛን አልፎ ሾላ በር ከተማ ማደር ጀመረ። አብረውኝ የሚሠሩ አምስት ሴቶች ጓዛቸውን እየጠቀለሉ፣ እያለቀሱ ሄዱ። በዓመቱ ቆርቆሮው ተነቀለ፣ ድንጋዩን ሰው ለአጥር ወሰደው።

ልሳነወርቅ፦ እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ይኸው አመንኩልሽ። አሁን ይብቃን።

ይመኙሻል፦ ስም ስታጠፋ በአደባባይ፣ ስታምን በጓዳ? እሑድ ጽሑፉ በአዳራሹ ለሽማግሌዎች ሲነበብ ተነሥተህ ትናገራለህ።

ልሳነወርቅ፦ የልጅ ልጆቼ ባሉበት? በሕይወቴ አላደርገውም! አንቺም ብትናገሪ ማን ያምንሻል? ምስክር የለሽም።

ይመኙሻል፦ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናቴ ከዚያ ወዲያ በየማለዳው መንገድ ዳር ትቆም ነበር። አውቶቡስ ብቅ ባለ ቁጥር ከጉድጓዱ የቀዳችውን ውሃ በጣሳ ከፍ አድርጋ ትጠጣለች። «እዩኝ፣ ጠጣሁት! ምን ሆንኩ?» እያለች። ታማ አልጋ ላይ እስክትውል ድረስ እንዲያ ነበር የምትሆን። አይተሃታል?

ልሳነወርቅ፦ እኔ ስነዳ የማየው መንገዱን ነው።

ይመኙሻል፦ አይተሃታል ወይ ነው የምልህ!

ልሳነወርቅ፦ አይቻታለሁ። ዝናብ ነበር፣ ነጠላዋ ገላዋ ላይ ተጣብቋል። አውቶቡሱን ስታውቀው ጣሳዋን ይዛ ሮጠች። በመስኮቱ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ልሳኑ ልጄ!» ስትል ሰምቻታለሁ።

ይመኙሻል፦ እና?

ልሳነወርቅ፦ ክላክስ አድርጌ አለፍኩ።

ይመኙሻል፦ ተሳፋሪውስ ምን አለ?

ልሳነወርቅ፦ «ምን ሆና ነው?» አሉኝ። «እብድ ናት» አልኳቸው።

ይመኙሻል፦ እናቴን?

ልሳነወርቅ፦ እናትሽን።

ይመኙሻል፦ …

ልሳነወርቅ፦ ይመኙሻል፣ እንዲህ ዝም አትበይኝ፤ ስድቡ ይሻለኛል… እሑድ በስንት ሰዓት ነው የሚሰበሰቡት?

ይመኙሻል፦ በሦስት ሰዓት። ይህንንም ጨምረህ ትናገራለህ። «ይቅር ብላኛለች» የምትል ቃል ግን ከአፍህ እንዳትወጣ!