የባቄላው ፍርድ

በዚያ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ሁለት እንስራ ይዤ ወደ ምሽጉ የዝናብ ውሃ ጉድጓድ ወረድሁ። ነፋሱ ከምዕራብ ነበር። ሴቶቹ ገብስ ይፈጫሉ፤ ወንዶቹ ከተዘረፈው መርከብ የወረደውን ሸራ ይቀድዳሉ። ሁለተኛውን እንስራ ስሞላ ካፒቴን ማኑሶስ ባልዲውን አንጠልጥሎ መጣ፤ ወዲያው መምህር ስታማቲስ ከትምህርት ቤቱ በኩል ደረሰ። ከትናንት ጀምሮ ሲሸሻሹ ነበርና ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲገጣጠሙ ማምለጫ አጡ።

የተጣሉት በወጣቱ ቫርዲስ ምክንያት ነው። ልጁ ዘብ ቆሞ ሳለ እንቅልፍ ወስዶታል። ጉባኤው ከፈረደበት ውሃ በሌላት የአይጥ ደሴት ላይ ይጣላል፤ ጉባኤውም የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው።

እኛ ከቀርጤስ ሸሽተን በዚህች ዓለት ላይ የሰፈርን የባሕር ወንበዴዎች ንጉሥ የለንም። የምንዘርፈውንም የምንቀጣውንም በጉባኤ እንወስናለን። ይቀጣ የሚል ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር፣ ምሕረት የሚል በባሕሩ በኩል ይቆማል። ቀድሞ የሚራመደው ካፒቴኑ ነው። ባለቤቴ ሲፊስ ባለፈው ግንቦት በዚሁ ሥርዓት ተፈርዶበት እዚያች ደሴት ላይ ተጥሏል።

«እንደምን አደሩ፣ ካፒቴን?» አለ መምህሩ።

«ጉልበቴ ካላደረ እኔ ምን አድራለሁ። ደግሞ ያንን ባቄላህን ይዘህ መጣህ?»

«ይዣለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ነጭ፣ አንድ ጥቁር እንስጥ። ነጩ ምሕረት፣ ጥቁሩ ቅጣት። የፈለገውን በተሸፈነ ማሰሮ ውስጥ ይከታል፤ የተረፈውን ባሕር ላይ ይጥላል። ማንም ማንን አያይም።»

«ስማ ልጄ፣ እኛ በጠራራ ፀሐይ መርከብ የምንዘርፍ ሰዎች ነን። መድፍ የማይፈራ ወንድ ድምፁን ማሰሮ ውስጥ ይደብቅ? ሰምርኔስ ድረስ ሄደህ የተማርከው ሾርባ መሥራት ነው?»

«መድፉን አይፈራም። እርስዎን ግን ይፈራል።»

«እኔን? እኔም እንደ ማንም አንድ ድምፅ ነው ያለኝ።»

«አንድ ነው። ግን ፊት ፊት ይሄዳል።»

«ማንንም አልጎተትሁም። እግር አላቸው።»

ንጉሥን ያባረረ ሕዝብ ፍርሃትንም አብሮ ያባረረ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

መምህሩ ወደ እኔ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለካፒቴኑ ተናገረ። «ሲፊስ ለሚያሳድዱን እንግሊዞች እሳት አንድዶ ምልክት ሰጠ ሲባል አላመንሁም ነበር። እርስዎ ወደ ግድግዳው ሲሄዱ ግን ተከተልሁ። በሌላ ሰው አላሳብብም፤ እኔ ነኝ የሄድሁት።»

ካፒቴኑ ባልዲውን አስቀመጠ።

«እኔም አላመንሁም» አለ። «ለወዳጁ አደላ እንዳትሉኝ ነው ቀድሜ የሄድሁት። አርባ ሰባት ሰው እያለ ይከለክሉኛል ብዬ። እናንተ ባሕሩ ጋ ትቆማላችሁ፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ፣ ሲፊስም ቤቱ ይገባል ብዬ። ዞር ስል ሁላችሁም ከኋላዬ ናችሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ጉባኤ የፈረደውን ካፒቴን አይሽርም። ሕጉን የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ገመዱ እጄ ላይ ነበር። እንስራውን ስቤ አወጣሁት።

«ካሊ» አለኝ ካፒቴኑ፤ «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«ሴት በጉባኤ ድምፅ የላትም፣ ካፒቴን» አልሁት። «ማሰሮ ከፈለጋችሁ ግን የኔ አፉ ሰፊ ነው።»

ካፒቴኑ ለመምህሩ እጁን ዘረጋለትና «እስቲ ባቄላውን አሳየኝ» አለው።

ከሰዓት በኋላ ማሰሮው ሲገለበጥ አርባ አንድ ነጭ፣ ስድስት ጥቁር ወጣ። ቫርዲስ እስከ መስከረም ለመበለቶቹ ውሃ እንዲቀዳ ተወሰነ። ካፒቴኑ ጥቁሮቹን ለቅሞ መዳፉ ላይ ያዛቸው።

«ማን እንደከተታቸው አለማወቄ ደግ ነው» አለ። «ነገ አብሬያቸው እቀዝፋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በማሰሮው ካፒቴን መርጠናል፤ የተሸነፈው ሰው ቂም የሚይዝበት አላገኘም። ሰው አንገቱን ሳያዞር የልቡን ይፈርዳል። ዛሬ ልጆቹ እንኳ ለጨዋታቸው ዳኛ የሚመርጡት በጠጠር ነው።

ማንም ጀልባ ወደ አይጥ ደሴት አይቅረብ የሚለውንም ሕግ በዚያው ቀን በባቄላ ሻሩት። በማግስቱ ወንዶቹ ወደዚያ ሄደው የሲፊስን ቀበቶ አመጡልኝ።

ማሰሮው በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ነው። ሲፊስ የለም።