የቦዘነች ቀኝ እጅ

ረቡዕ ጠዋት ከአምበር ተነሥቼ ደብረ ማርቆስ የገባሁት የትምህርት ቤታችንን ድምፅ ማጉያ ለማስጠገን ነበር። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ድምፅ ሞገድ ሰሌዳ ሙሉ እጽፋለሁ፣ የተበጠሰ ሽቦ መቀጠል ግን አይሆንልኝም። ስለዚህ እንደ ልማዴ ወደ ዑበይዱላህ ሱቅ ሄድሁ። ዑበይዱላህ ገበያው አጠገብ ሬዲዮም ስልክም አምፕሊፋየርም የሚጠግን፣ ከሰው ጋር መጣላት የማይወድ ባለሱቅ ነው። በዚያ ጠዋት ግን ሲጨቃጨቅ ደረስሁ።

ከፊቱ የቆሙት ጋሽ ገዳሙ ናቸው። ስልሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ የኤሌክትሪክ ጊታራቸውን በትከሻቸው አንጠልጥለዋል። ሠላሳ ዓመት በዚህ ከተማ ሰርግ ላይ ሲጫወቱ ስለ ኖሩ፣ እኔንም ያጋቡኝ እሳቸው ናቸው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር ከገባ ወዲህ በተጫወቱባቸው ሦስት ሰርጎች ፈጣኑን ዜማ ሲጀምሩ ከሥሩ አንድ ጉርምርምታ እየተነሣ ያበላሽባቸዋል። ይባስ ብሎ፣ ባንዱ በሙሉ ድንገት ቀጥ በሚልበት ቦታ ሌላው ሁሉ ዝም ሲል የእሳቸው ጊታር ብቻውን ጥጃዋን እንደ ተነጠቀች ላም እምቧ ይላል። የባንዱ መሪ መሳፍንት በመጨረሻ ጠርቶ አነጋግሯቸዋል። የፊታችን እሑድም እንዲህ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ እንግዶች መካከል ተቀምጠው ቢያዳምጡን ይሻላል ብሏቸዋል። በአክብሮት ነው የተናገረው። ጋሽ ገዳሙን ያስፈራቸውም ያ አክብሮት ነበር፤ ቢቆጣቸው ኖሮ ተቆጥተው ይመልሱለት ነበር። አሁን አምፕሊፋየሩን ለሦስተኛ ጊዜ ይዘው መጥተዋል።

«በማርቆስ ይዤሃለሁ ዑበይድ፣ አንዴ ደግመህ ክፈተው» አሉ። ንግግራቸው ቁጣ ይመስላል፤ አምፕሊፋየሩን ግን በሁለት እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ እሱ ገፉት።

«ወላሂ ጋሽ ገዳሙ፣ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ። ዕቃው ጤነኛ ነው። የሌለ በሽታ ከየት አምጥቼ ልንቀልልዎት?»

«እንግዲያ የሚጮኸው ማን ነው?»

በሱቁ ጥግ ዑበይዱላህ የጊታሯን ገመድ እስኪበይድላት የምትጠብቅ አንዲት ልጅ ተቀምጣ ነበር። ወንጌላዊት ትባላለች፤ የጉንደ ወይን ልጅ ናት፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። ተነሥታ እጅ ነሣችና፣ ካልከፋቸው እዚያው አንድ ጊዜ እንዲጫወቱልን ለመነቻቸው።

መጀመሪያ ቀስ ያለውን ዜማ ተጫወቱ። እያንዳንዱን ድምፅ በፒክ፣ በጣት በምትያዘው ትንሽ መምቻ፣ ይመቱታል፤ ጥርት ያለ ነበር። ቀጥሎ ፈጣኑን ጀመሩ። እዚህ ላይ አጨዋወታቸው ተለወጠ። ቀኝ እጃቸው ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ ይመታና ይነሣል፤ የቀረውን የግራ ጣቶች ክሩ ላይ እየወደቁና እየነቀሉ፣ ድምፁን ሳያቋርጡ ያስኬዱታል። ባለሙያዎቹ ሌጋቶ ይሉታል። ጣቶቻቸው ሲሮጡ ለማየት ደስ ይላል። ወዲያው ግን ያ ጉርምርምታ መጣ፤ ዜማውን ሲያቆሙም እሱ አላቆመም። ጋሽ ገዳሙ የሁላችንንም ፊት በየተራ አዩ። የእሳቸው ፊት ተማሪ ፈተና ወድቆ ውጤቱን ሲጠይቀኝ የማየው ፊት ነበር።

ወንጌላዊት ግን የምታየው ፊታቸውን ሳይሆን ቀኝ እጃቸውን ነበር። «ጋሼ፣ ይፍቀዱልኝ» ብላ ቀረበችና የመዳፏን ጠርዝ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ በቀስታ አሳረፈች። «አሁን ይድገሙት።»

ደገሙት። ጉርምርምታው የለም። ዑበይዱላህ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ይደሰታሉ ብዬ ስጠብቅ ጋሽ ገዳሙ ጊታሩን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት። «ልጄ፣ ያደረግሽው ማፈን ነው» አሉ። «ያስተማሩኝ ሰው እጄ የማይጫወተውን ክር በነካ ቁጥር በአርጩሜ ይሉኝ ነበር። ክር የተሠራው እንዲናገር ነው። አፉን የያዝሽው ነገር ምን ይናገራል?»

«እሳቸው አልተሳሳቱም ጋሼ፤ ያኔ ዜማው ዝግ ያለ፣ ማጉያውም ደካማ ነበር። ይህ ግን የዝንብ እርምጃ ሳይቀር ያጎላል። ደግሞ ሁሉንም በፒክ ሲመቱ መዳፍዎ ሳያስቡት ክሮቹ ላይ ያርፋል። በግራዎ ብቻ ሲሮጡ ቀኙ ይነሣና ክሮቹ ጠባቂ ያጣሉ።»

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝም። አንዱ ክር ሲንቀጠቀጥ ያልተነካው ጎረቤቱ አብሮ እንደሚንቀጠቀጥ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ እስኪያዛጉ ድረስ አስረዳኋቸው። ከዚያ ሁሉ ንግግሬ የጠቀመው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ሠላሳ ዓመት በፒክ ሲጫወቱ ኖረው አሁን ለምን ይህን አጨዋወት መረጡ አልኋቸው።

ጋሽ ገዳሙ በሩን ዞረው አዩ። ከዚያ የቀኝ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ አንጓቸው በጨርቅ ታስሯል። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቁርጥማት ይዟቸው በፍጥነት መምታት አቅቷቸዋል። የልጃቸውን ስልክ እያዩ በግራ እጅ መሮጥን ብቻቸውን ተማሩ። ለባንዱ አልተናገሩም። መሳፍንት ከሰማ የሚፈልገውን ምክንያት አገኘ ማለት ነው፣ ከተማውም ገዳሙ አበቃለት ይላል ብለው ሌሊት እንቅልፍ አጥተዋል። ጥፋቱ የዕቃው እንዲሆን የለመኑትም ለዚህ ነው፤ ዕቃ ይጠገናል።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል ጋሼ» አለች ወንጌላዊት ዝግ ብላ። «መዳፍ ማሳረፍ እንደ መምታት አያምም። እንዲያውም ለእጅዎ ዕረፍት ነው።»

«ታዲያ በዚህ ዕድሜ አንዱ እጄ ሲሮጥ ሌላው ሲያፍን፣ እሱንም በአራት ቀን? አባቴ ክራር ሲጫወት ስድስቱም ክር ይናገር ነበር። ማንም አላፈነውም።»

«በጣት ነበር የሚጫወቱት ወይስ በቆዳ መምቻ እየገረፉ?» አለች ወንጌላዊት።

«በሁለቱም። ሲገርፍማ ማን ይችለው ነበር?»

«በቆዳው ስድስቱን ክር አንድ ላይ ሲገርፉ፣ የግራ ጣቶቻቸው ምን ይሠሩ ነበር?»

ጋሽ ገዳሙ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ግራ እጃቸውን አነሡና ክራር እንደ ያዘ ሰው ጣቶቻቸውን በአየር ላይ ዘረጉ። አንዱን ጣት አነሡ፣ መለሱት፤ ሌላውን አነሡ።

«ያፍኑ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «የሚናገረውን ብቻ ይለቁለታል። ልጅ ሆኜ እግሩ ሥር ተቀምጬ ያየሁትን ነገር ረሳሁት።» ወደ ዑበይዱላህ ዞረው፣ «አህያውን ፈርቼ ዳውላውን ስመታ ነው የከረምሁት፤ ይቅር በለኝ» አሉት። ዑበይዱላህም ይህን ሲሰማ ይበልጥ ተጨነቀና ወንበሩን ለቀቀላቸው።

እስከ ቀትር ድረስ አስጠናቻቸው። የቀኝ መዳፍ ጠርዝ በወፍራሞቹ ላይ፣ የግራ ሌባ ጣት ደግሞ ጋደም ብሎ ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭኖች ነካ ያደርጋል። አይጫን፤ ከተጫነ ዜማውም ይታፈናል። በዝግታ ሲጫወቱ ጸጥታው ካልጠራ ፍጥነት እንዳይጨምሩ ቃል አስገባቻቸው። አንድ ነገር ግን እኔም ጨመርሁ፤ የእጃቸውን ነገር ለመሳፍንት እንዲነግሩት። እሑድ ካለፈ በኋላ አሉኝ።

አምበር ተመልሼ በየቀኑ ወደ ዑበይዱላህ ደወልሁ። ሐሙስ በሱቁ ሲለማመዱ መዳፋቸው ከብዶ ዜማው ታነቀ። ዓርብ ጉርምርምታው ተመለሰና አምፕሊፋየሩን አጥፍተው ሄዱ። ቅዳሜ ጠዋት ከወንጌላዊት ጋር ተለማምደው ጊታራቸውን አንጠልጥለው ወጡ። ያን ሌሊት እኔም ራሴ እንቅልፍ አጣሁ፤ ፈተናው የእኔ ይመስል።

እሑድ ከቀትር በኋላ እኔና ዑበይዱላህ በሰርጉ አዳራሽ ከግድግዳው ጥግ ቆምን፤ ወንጌላዊት ወደ መድረኩ ጠጋ ብላለች። ፈጣኑ ዘፈን ተጀመረ። ጋሽ ገዳሙ እስክስታ የሚወርዱትን አላዩም፣ ሙሽሮቹንም አላዩም፤ ዓይናቸው ከገዛ መዳፋቸው አልተነሣም። መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ጉርም አለ። ዑበይዱላህ ክንዴን ጨብጦ አሳመመኝ። ጠፋ። የግራ ጣቶቻቸው ሮጡ፤ እያንዳንዱ ድምፅ እንደ ተለቀመ ጤፍ ለብቻው ተሰማ። ከዚያ ባንዱ ቀጥ የሚልበት ቦታ ደረሰ።

ቀጥ አለ። አዳራሹ ውስጥ አንዲት ሴት ስትስቅ፣ አንድ ብርጭቆ ሲቀመጥ ሰማን። ሌላ ምንም የለም። መሳፍንት ደንግጦ ወደ ኋላ ዞረና አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ እንደ ሆነ አየ። መብራቱ በርቷል። ዘፈኑ ሲቀጥል ጋሽ ገዳሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሙሽሮቹን አዩ።

እንግዲህ ከዚህ የተገኘውን ጥቅም አንባቢ ይመዝነው። ዜማው ጠራ፣ የታመመ እጅ ዐረፈ፣ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰ ባለሱቅ ስሙ ነጻ ሆነ፣ የሠላሳ ዓመት ባለሙያም ከመድረክ አልወረደም። እኔም ለተማሪዎቼ የማላደርገውን ከወንጌላዊት ተማርሁ፤ ለሰው የገዛ አባቱን እጅ መልሶ ማሳየትን።

ባንዱ ሲያርፍ መሳፍንት ወደ ጋሽ ገዳሙ መጥቶ አዲስ አምፕሊፋየር ገዝተው እንደ ሆነ ጠየቃቸው። እኛ አጠገባቸው ነበርን። ጋሽ ገዳሙ ፒኩን ኪሳቸው ከተቱ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡና በጨርቅ የታሰረውን አንጓ አሳዩት።

«አልገዛሁም» አሉት። «ይህችን የቦዘነች እጅ ሥራ አስያዝኋት።»