ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ቁልፉን የተጫነው

የልብ ምት መርማሪዋ ደረት ላይ ታስሮ ሙሉ ቀን የልብ ምት የሚቀዳውን መቅጃ ሽቦዎች በአልኮል እየጠረገች አንድ በአንድ ትጠቀልላለች፤ ነርሷ ከጎኗ ካርድ ትሞላለች። ስልኩ ሲጠራ አንሥታ በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ወሸቀችው።

— ሄሎ? ... አዎ፣ እኔ ነኝ የደወልኩልህ፤ አራት ጊዜ። ለሳኙ ነህ አይደል፣ ጠዋት መቅጃውን የመለስክልኝ? ... ደህና። አሁን ምን ይሰማሃል? ... ምንም? ... እሺ። ትናንት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ምን እየሠራህ ነበር?

— ግድግዳ እየለሰንክ። ራስህን አላዞረህም? ... ታዲያ ቁልፉን ለምን ተጫንከው? ... መቅጃው ላይ ያለውን ነዋ! «የሚያምህ ነገር ካለ ተጫነው» ያልኩህን። ሁለት ጊዜ ተጭነሃል... «አልተጫንኩም»?

ሽቦውን ለቀቀችው።

— ወንድሜ፣ አሥራ አራት ሰከንድ ሙሉ ያ ልብ እንደ እብድ ሲሮጥ ነበር። እንዲህ እየሆነ ቆሞ ግድግዳ የሚለስን ሰው የለም። መቅጃውን ማን ነው ያሰረው? ... ሄሎ? ትሰማኛለህ? ... አልቆጣም። ንገረኝ ብቻ።

— ታላቅ ወንድምህ። ልብስ ሰፊው። ... አዎ፣ ውሃ አይንካው ብዬሃለሁ። «አንድ ቀን ከሥራ ቅር» አልኩህ እንጂ «ለወንድምህ አውሰው» አልኩህ? ... «ያው ወንድማማች ነን»? የጫማ ቁጥር ነው እንዴ!

— እሱ ምን ያመዋል? ... ቆዳው ብቻ? እንዴት ያለ? ... ክርኑና ጉልበቱ ላይ እየቀላ የሚቀረፍ... ሃያ ዓመት! ... ቆዳ ብቻ አይደለማ። አንተን የጣቶችህን መገጣጠሚያ የሚያሳብጥህ ብግነት፣ የሰውነት መቆጣት ነው፤ እሱንም ቆዳውን የሚያቀላው ብግነት ነው። ሲቆይ ልብንም ሊጎዳ ይችላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ልብ ድንገት ቀጥ ይላል። አንተንስ ሐኪምህ ለዚህ አይደል ወደ እኔ የላከህ? ... አሁን የት ነው ያለው?

— የስፌት መኪና ተሸክሞ? ሦስተኛ ፎቅ? ... ከፊትህ እየወጣ?

— አትጩህበት። እንዳታስሮጠው። መኪናውን እዚያው ያስቀምጥ፣ እሱም ይቀመጥ። ... የት ነው ሱቁ? ... እህት፣ ጻፊ፦ ከመድኃኒት ቤቱ ጎን፣ ሰማያዊ በር። አምቡላንስ አሁኑኑ! ልብ የሚያስነሣውን ማሽን ይያዙ በያቸው። ... አንተን አይደለም፣ ነርሷን ነው። ተቀመጠ? ደረጃው ላይ አይደለም፤ ወለሉ ላይ፣ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፈው። ... ይስቃል? ይሳቅ።

— አሁን ትንሽ ራቅ በልለት። እሱ አይስማ። ከወደቀና ትንፋሹ ከጠፋ፣ ደረቱን መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ በኃይል፣ ቶሎ ቶሎ መጫን ነው። ሳያቋርጡ። ... አንተ? በየትኛው እጅህ? ጠዋት ሸሚዝህን የቆለፍኩልህ እኔ አይደለሁም? ... «ጣቴ ይሰበር»? ... እሺ። እሺ፣ ሰማሁህ። ግን ጥበቃውንም ጥራው፤ ትፈራረቃላችሁ።

— እስቲ ከሱ ጋር አገናኘኝ። ... ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ... አዎ፣ የመቅጃው ባለቤት ነኝ። ስምዎን ማን ልበል? ... እሺ። ትናንት ቁልፉን ሲጫኑ ምን ሆነው ነበር? ... ጨለመብዎት፣ ጨርቁ ላይ ተደፉ። ለማን ተናገሩ? ... ታናሽዎ እንዳይደነግጥ ብለው። ... ጋሼ፣ አይነሡ! የደንበኛው ሱሪ ነገም ሱሪ ነው። ... ጋሼ? ... ሄሎ! ያ ምንድን ነው የወደቀው? ሄሎ!

ነርሷ ወደ አምቡላንሱ ደግማ ደወለች።

— ... ስልኩ ነው? ስልኩ ነው የወደቀው? አንተ ነህ? ... የአምቡላንሱ ሰዎች ገቡ። ተመስገን። ... ይለጥፉበት፣ ሽቦውን ይለጥፉበት፣ መንገድ አትዝጋባቸው። ... ምን ይላል እሱ? ... «ሱሪውን አደራ»?

— አብረህ ሂድ። ... አዎ፣ ዋሽተኸኛል። ... እሱን ተወው፤ «እንኳን ዋሸሁ» እያልክ እንዳትጽናና፣ እኔም አልልህም። ያንተ ልብ እኮ ገና አልታየም። ነገ ጠዋት ና፤ መቅጃውን እኔው አስርልሃለሁ። ... ሂድ፣ በሩን ሊዘጉብህ ነው። ቻው።

ስልኩን አስቀመጠች። የትናንቱ የልብ ምት ከታተመበት ወረቀት ራስጌ ላይ የለሳኙን ስም በአንድ መስመር ሰርዛ የታላቅ ወንድሙን ጻፈች። ወረቀቱን ፖስታ ውስጥ ከትታ፣ በጀርባው «ለድንገተኛ ክፍል» ብላ ጽፋ፣ ነርሷ እንድትወስደው ከጠረጴዛው ጥግ አኖረችው።